በሩን የያዘችው ሴት

የኢንገርን ሞት የነገሩን በወጉ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ማለዳ፣ ገና ቁርስ ሳንቀምስ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት፣ በሰፈራችን አቅራቢያ ባለው የተሐድሶ ሕክምና ክፍል የምትሠራው ሕይወት ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን አስከትላ ቆማለች። ከመኖሪያዋ ከገላን ኮንዶሚኒየም ድረስ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ለመገመት የእድር ዳኛ መሆን አያስፈልግም። ቢሆንም ሥርዓቱ አልተጓደለም። ገብተው ተቀመጡ፤ ጤናችንን ጠየቁ፤ ልጆቻችንን በየስማቸው እየጠሩ ደኅንነታቸውን ጠየቁ፤ ባለቤቴ አልማዝ ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ እስክትቀመጥ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ሕይወት አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ "ሲስተር ኢንገር አገሯ ላይ አርፋለች፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለች።

አልማዝ አለቀሰች። እኔ ሕመሟ ምን እንደነበረና መቼ እንደተቀበረች ጠየቅሁ። ሕይወት አላወቀችም። ኢንገር ስለ ሌላ ሰው ሞት እንዲህ ያለ ደብዛዛ ወሬ ቢደርሳት ኖሮ፣ "በትክክል መቼ?" ሳትል እንደማታልፍ አሰብሁ። ከአማርኛዋ ሁሉ ቀድሞ የተስተካከለላት ይህ ጥያቄ ነበር።

ኢንገር የዴንማርክ ሰው ናት። በአገሯ በአንድ አነስተኛ ከተማ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ሆና ኖራ ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ በበጎ ፈቃድ ልታገለግል ወደ አቃቂ ቃሊቲ መጣች። ሥራዋ ጠዋት ወጣት ባለሙያዎችን ማሠልጠን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቤት መውጣት የማይችሉ ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞሩ እንቅስቃሴ ማሠራት ነበር። የላካት ድርጅት መሀል ከተማ ጥበቃ ያለው ቤት አዘጋጅቶላት ኖሮ፣ "ሕሙማኑ የሚኖሩት እዚያ አይደለም" ብላ እንደመለሰችው በኋላ ሰማሁ። እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሰው ኃይል አስተዳደር አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ስለማከራይ፣ ወደ እኛ መጣች። በዚህም ምክንያት ሁለት ዓመት ያህል በአንድ በር ወጥተን ገብተናል።

ረዥም፣ ቀጭን፣ ሽበቷን አሳጥራ የምትቆረጥ ሴት ነበረች። አማርኛውን ከሥራ መልስ ከእኔ ተማረች። ለማን "አንተ"፣ ለማን "አንቱ" እንደሚባል ባስረዳኋት ጊዜ ጥቂት አሰበችና፣ "ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ሁሉም ሰው አንቱ ይሁን" ብላ ወሰነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕፃኑን አንቱ፣ የታክሲ ረዳቱን አንቱ፣ ለፋሲካ ገዝተን በረንዳው ሥር ያሰርነውን በግ ሳይቀር "እባክዎ ያሳልፉኝ" ትለው ነበር። ሰፈሩ ሳቀ፤ እሷ ግን ውሳኔዋን አላሻሻለችም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚታየኝ እጇ ነው። በሽተኛ ከተቀመጠበት ሊነሳ ሲታገል ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ትቆማለች። የሰውየው ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ይንቆረቆራል፣ ቤተሰቡ "ኧረ በእመቤቴ፣ ያዢው" እያለ ይለምናል፤ እሷ ከአጠገቡ ሆና ዝም ብላ ታያለች። ሊወድቅ ሲል እጇ ከየት እንደደረሰ አይታወቅም፤ ከዚያ በፊት ግን አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በሰፈሩ "ጨካኟ ፈረንጅ" ተባለች። በእኛ ዘንድ የታመመን ሰው መውደድ ማለት መደገፍ፣ ማቀፍ፣ ማጉረስ ነው። እሷ ደግሞ፣ "እናንተ ስታጎርሷቸው የሚሠራው የእናንተ እጅ ነው፤ የእሳቸው እጅ ተርቧል" ትላለች። አንድ ቀን ለምን እጇን ወደ ኋላ እንደምታደርግ ብጠይቃት፣ "እጄ ለመርዳት ይቸኩላል። ስለዚህ አስረዋለሁ" አለችኝ።

ስለ እሷ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን በአጥር ጎረቤታችን በአቶ ታደሰ ቤት የሆነው ነው።

አቶ ታደሰ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ያሳለፉ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳ፣ ሰለሞን የሚባል። አባቱ ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ሰለሞን መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። ሐኪሙ አቶ ታደሰ ከድንጋጤ እንዲጠበቁ አጥብቆ አሳስቦ ስለነበር ሞቱ ከእሳቸው ተደበቀ። ድንኳኑን ሳሪስ አቦ በሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው በአቶ ንጉሤ ደጅ ተከልን፤ ቀብሩም እዚያው ተፈጸመ። አባትየው አልጋቸው ላይ ሆነው፣ መኪናው ጅቡቲ ላይ ተበላሽቶበት መለዋወጫ እየጠበቀ ነው ተባሉ። ስልኩስ ሲሉ ኔትወርክ የለም ተባሉ።

ይህ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። መርዶ የራሱ ጊዜ አለው። ሰውየው መስማት ይችላል ሲባል ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ቢወድቅ የሚይዘው፣ ቢጮኽ አብሮት የሚጮኽ ሰው በዙሪያው እንዲኖር። እስከዚያው ድረስ ግን አንድ ሰው ሸክሙን ይሸከማል። በዚህ ቤት የተሸከሙት ወይዘሮ ብርቄ ነበሩ። ጥቁር ልብሳቸው የሚቀመጠው እኛ ቤት ነው። ባለ ቀለም ቀሚሳቸውን ለብሰው ከቤታቸው ይወጣሉ፤ እኛ ዘንድ ገብተው ጥቁሩን ይለውጡና ወደ ልጃቸው መቃብር ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ እኛው ቤት አልቅሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ቀለሙን መልሰው ለብሰው ወደ ባላቸው ይገባሉ። ቤታቸው ውስጥ ሥራ ሲሠሩ ያንጎራጉሩ ነበር። አልማዝ እንዴት እንደሚችሉት ስትጠይቃቸው፣ "ድሮም አንጎራጉር ነበር። ዝም ካልሁ ይጠረጥራል" አሏት።

ኢንገር የመጣችው ከቀብሩ በኋላ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አልነበረም። እኛም አልነገርናት፤ መንገር እንዳለብን ያሰበ ሰውም አልነበረም። አቶ ታደሰን በቤታቸው ማሠራት ስትጀምር በሁለተኛው ቀን "አለቃ" የሚል ስም አወጡላት።

"አለቃ መጣች። ብርቄ፣ ትራሱን ደብቂ፤ ተኝቶ አገኘሁት ብላ ለበላይ አካል ሪፖርት ታደርጋለች።"

"ተኝተው አላገኘሁዎትም። ተቀምጠዋል። ጥሩ ነው፤ አሁን ይነሱ።"

"ልጄ ሲመጣ ቆሜ ነው የምቀበለው። ለእሱ ስል እንጂ ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።"

ኢንገር ይህን ቃል ያዘችው። ስትገባ ከሁሉ አስቀድማ "ሰለሞን ደወሉ?" ትላለች። "አልደወለም" ይላሉ። "እንግዲያው ሳይደውሉ በፊት እንነሳ።" በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። እሷ ዓይኗ አቶ ታደሰ ጉልበት ላይ ስለሆነ አላየችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወትሮው ቀደም ብላ ተመለሰች። ወይዘሮ ብርቄ ሳሎናችን መሀል ጥቁሩን ለብሰው፣ ባለ ቀለሙን ቀሚስ በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ኢንገር በሩ ላይ ቀረች።

"ማን ሞቱ?" አለች።

ወይዘሮ ብርቄ ራሳቸው፣ "ሰለሞን" አሉ።

ኢንገር ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። "በትክክል መቼ?"

"አንቺ ሳትመጪ በፊት።"

"እኔ በመጣሁ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ" አለች ኢንገር፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ "አቶ ታደሰ የሚሰሙት መቼ ነው?"

"ሲጠነክሩ" አልኋት።

"ምን ያህል ሲጠነክሩ?"

በሕይወቴ ብዙ መርዶ ላይ ተገኝቻለሁ፤ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

በዚያው ሳምንት እሁድ እኛ ቤት ተሰበሰብን። አቶ ንጉሤ ከሳሪስ አቦ መጡ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው፣ የእድራችን ምክትል ዳኛ ከድርም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ ከሰለሞን ጋር በአንድ ሰፈር ያደገ፣ ሬሳውን ካመጡት ሰዎች አንዱ ነበር። ኢንገር ያሰበችውን አዘጋጅታ መጥታ ኖሮ ሳትቸኩል ተናገረች።

"እኔ አልነግራቸውም። የእኔ ሥራ አይደለም። ግን አልዋሽም። ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሰለሞን አልጠይቃቸውም፤ ከጠየቁኝም ዝም እላለሁ። እናንተ ደግሞ ልኩን ንገሩኝ።"

"የምን ልክ?" አለ ከድር። "መርዶ እንደ ስኳር በኪሎ የሚመዘን መሰለሽ እንዴ፣ ሲስተር?"

"ኪሎ አላልሁም። ከየት እስከ የት መራመድ አለባቸው?"

አቶ ንጉሤ ሐኪሙ ይወስን አሉ። ሐኪሙ ለቤተሰብ ትቶታል አልሁ። ቤተሰቡ ለሽማግሌ፣ ሽማግሌው ለጊዜ፣ ጊዜው ለእግዚአብሔር ሲተው ቆይቶ፣ በመጨረሻ የቆረጠው ከድር ነው። "እንግዲህ ሰው ከአልጋው ወርዶ፣ በገዛ እግሩ ሄዶ፣ የግቢውን በር በገዛ እጁ ከከፈተ፣ መስማት ይችላል። እኔ ሌላ አላውቅም።" ሁሉም ተስማማ። እኔ ከቆየ ልማድ የተነሳ ውሳኔውን ደግሜ አሰማሁ፤ አቶ ታደሰ ያለ ሰው ድጋፍ የግቢውን በር የከፈቱ ዕለት፣ በማግስቱ ማለዳ መርዶው ይነገራቸዋል። ኢንገር ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ያለ ነገር ትወድ ነበር፤ እኔም እወድ እንደነበር አልክድም።

ወይዘሮ ብርቄ ውሳኔውን የሰሙ ጊዜ ኢንገርን በረንዳው ላይ ለብቻዋ ያዟት። "እህቴ፣ እንግዲያው ፍጠኚልኝ" አሏት። "ልጄን በሰው ቤት ተደብቄ ነው የማለቅሰው፤ እንደ ሌባ። በገዛ ቤቴ አንድ ቀን ጮኼ ላልቅስበት።"

ስለዚህ ኢንገር ያንን ሰው ወደ በሩ ማድረስ ያዘች። መጀመሪያ የመኝታ ቤቱን ደፍ ተሻገሩ። በረንዳው ላይ ደረሱ። ቀጥሎ የዘይቱና ዛፋቸው ሥር ደረሱ፤ ዛፉን ተደግፈው እያለከለኩ "አለቃ፣ ይህ ጣቢያ ነው፤ ውኃ እንሙላ" አሏት። በመጨረሻም ከበሩ ጥቂት ራቅ ብሎ እስከተቀመጠው የውኃ በርሜል ድረስ መጡ። ኢንገር ስትወጣ ከድር ከሱቁ ሆኖ በመንገዱ ላይ ይጮኽባታል።

"ሲስተር፣ ዛሬ የት ደረሱ?"

"በርሜሉ ጋ።"

"አልሐምዱሊላህ" ይላል ከድር፤ ከዚያ ይተክዝና፣ "ኧረ ምን ልበል እኔ" ብሎ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል።

ከበርሜሉ በኋላ ግን አንድም እርምጃ አልተጨመረም። አቶ ታደሰ ከአልጋቸው ተነስተው፣ ከዘራቸውን ትተው፣ ያለ ችግር እስከ በርሜሉ ይመጡና እጃቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው ይቆማሉ። "አለቃ፣ ሐዲዱ እዚህ ጋ አልቋል" ይሏታል። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ ይሆናል። ኢንገር ቁርጭምጭሚታቸውን መረመረች፤ ጉልበታቸውን፣ ዳሌያቸውን መረመረች፤ ደረጃ አስወጣቻቸው፤ ከወንበር ደጋግማ አስነሳቻቸው። ከዚያ እኛን ሰብስባ፣ "እግራቸው በሩን ለማለፍ ከበቃ ቆይቷል። የቀረው እግር አይደለም" አለችን።

"እንግዲያው ገብተን እንንገራቸው" አሉ አቶ ንጉሤ።

"በሩን ሲከፍቱ ብለናል እኮ" አለ ከድር።

እኔ ውሳኔው ሊሻሻል እንደሚችል አስረዳሁ። አቶ ንጉሤ ምናልባት ልባቸው ደክሞ ቢሆንስ ብለው አፈገፈጉ። በመንግሥት ሥራ እንዳየሁት፣ መለኪያ የሌለው ጉዳይ ስብሰባ አይጠራለትም፤ መለኪያ ያለው ደግሞ ከስብሰባ አይወጣም። ሳንወስን ተለያየን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወይዘሮ ብርቄ በአጥሩ ወዲያ ሽንኩርት እየከተፉ ያንጎራጉሩ ነበር፤ የቀለበት ጣታቸው ከስቶ ቀለበታቸው በክር ተጠምጥሞ ነበር የሚቆየው።

ነገሩ የተፈታው በአንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በበርሜሉ አጠገብ የተባለውን ኢንገር በዚያው ዕለት ቃል በቃል ስለነገረችኝ እንዳለ አሰፍረዋለሁ።

"አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሏት አቶ ታደሰ።

"ይጠይቁ።"

"ስለ ሰለሞን መጠየቅ ለምን ተውሽ?"

ኢንገር ዝም አለች።

"ሌሎቹ ከተዉ ቆዩ። ድሮ በዚህ በር የሚገባ ሰው ሁሉ 'ሰለሞንስ ደወለ?' ይል ነበር። ከዚያ አንድ ሰሞን ሁሉም ተስማምተው 'ቤተሰብ ደህና?' ሆነ። ከድር እንኳ አብሮ አደጉ ሆኖ ስሙን አይጠራም። አንቺ ብቻ ቀርተሽኝ ነበር። ስትገቢ ስሙን ስትጠሪልኝ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠይቃል እል ነበር። አንድ ቀን አንቺም ተውሽ።"

ኢንገር እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣመረች።

"አትመልሺ። መዋሸት እንደማትችዪ አውቃለሁ። ከድርም በመንገዱ ላይ 'የት ደረሱ' እያለ ሲጮኽ እሰማለሁ። የእኔ መራመድ ለሱቁ ምን ያደርግለታል? ይህን በር የከፈትሁ ዕለት ድኗል ትላላችሁ፤ ድኗል ያላችሁ ዕለት ደጄን ሽማግሌ ይሞላዋል።"

"ስለዚህ ነው የማይሄዱት? መስማት ስለማይፈልጉ?"

"እኔማ ሰምቼ ጨርሻለሁ። ብርቄ ናት ያልሰማችው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አታዳምጫትም? አሁንም ታንጎራጉራለች። አንድ ልጇ የሞተባት እናት ታንጎራጉራለች? ለእኔ የነገራችሁኝ ዕለት እሷም ትሰማለች። ይህ በርሜል ጋ የቆምሁት፣ አንድ ቀንም ቢሆን እንድታዜም ነው።"

ኢንገር እንደነገረችኝ፣ በዚያች ሰዓት ማድረግ የምትችለው ነገር ጥቂት ነበር። እንደማትነግራቸው ለእኛ ቃል ገብታለች። እንደማትዋሽ ለራሷ ቃል ገብታለች። ወደ ማዕድ ቤቱ ሄደች። "ወይዘሮ ብርቄ" አለቻቸው፣ "ባለቤትዎ በርሜሉ ጋ ቆመዋል። ስለ እርስዎ የሚጠይቁት ነገር አላቸው። እባክዎ ይሂዱ።" ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ፣ ባልና ሚስቱን አልፋ ከግቢው ወጣች፤ በሩን ከውጭ ሳበችውና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

ጩኸቱን እኔ ከበረንዳዬ ሰማሁት። የወይዘሮ ብርቄ ድምፅ ነበር፤ በገዛ ቤታቸው፣ በጠራራ ፀሐይ። ስወጣ መንገዱ በሰው መሞላት ጀምሯል። ከድር ሱቁን ሳይዘጋ ሮጦ ደርሷል። ኢንገር የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ወደ ኋላዋ ይዛ አላስገባም ብላለች።

"ሲስተር፣ ልቀቂ እንጂ" አለ ከድር።

"ትንሽ ይቆዩ።"

"ሰው እያለቀሰ በር ይዘጋል?" አሉ አንዲት የሰፈራችን አሮጊት። "ምን ዓይነት ጉድ ነው? እንዲህ ያለ ነገር አይተን አናውቅም።"

"ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው" አለች ኢንገር።

"ለዚያ እኮ ነው የምንገባው" አለ ከድር።

ኢንገር ወደ እኔ ተመለከተች። "አቶ ጌታቸው፣ ጥቂት ብቻ።" የእድሩ ዳኛ እንደመሆኔ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በወጋችን በኩል ሰዎቹ ልክ ነበሩ፤ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ቢሆንም በሩን አልገፋሁም፤ ሌላው ሰውም እኔን አይቶ ቆመ። ከውስጥ የአንድ ሰው ጩኸት የነበረው የሁለት ሰው ልቅሶ ሆነ። ቀጥሎ ልቅሶው ዝቅ እያለ ሄዶ ንግግር ሆነ፤ ቃሉ አይለይም፣ እየተቀባበሉ እንደሚናገሩ ግን ያስታውቃል። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። በመጨረሻ ከበሩ ኋላ የእግር ኮቴ ተሰማ። ኢንገር ኮቴውን ገና ስትሰማ የማን እንደሆነ አወቀች፤ እጀታውን ለቅቃ ዘወር አለች።

በሩን የከፈቱት አቶ ታደሰ ናቸው። ከዘራ አልያዙም፤ የያዛቸውም ሰው አልነበረም። ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን።

"ግቡ እንጂ" አሉ። "ለምን ውጭ ትቆማላችሁ?"

ያንን ቀን በተመለከተ ሰፈራችን እስከ ዛሬ አልተስማማም። ጩኸት እየተሰማ በር መያዟን ይቅር ያላሏት አሉ። ጥሩ አደረገች የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም ወገን ሰምቼ የምጨምረው የለኝም።

አመሻሹ ላይ ከድር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "እንግዲህ በሩን ከፍተዋል። በውሳኔው መሠረት ነገ ማለዳ ነው" አለኝ። አውቀውት የለ ወይ የሚል ሰው ነበር። አቶ ታደሰ ግን ራሳቸው "በወጉ ይምጡ" ብለው ላኩብን። ስለዚህ ንጋት ላይ ተሰብስበን ሄድን፤ አቶ ንጉሤ፣ ከድር፣ እኔ፣ ከኋላችን ሌሎች ወንዶች፣ ሴቶቹም በአልማዝ መሪነት። ኢንገር ከሴቶቹ ጋር ነበረች። አቶ ታደሰና ወይዘሮ ብርቄ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁን። ወይዘሮ ብርቄ ጥቁራቸውን ለብሰዋል። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ጤናቸውን ጠየቅሁ፤ እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር እንደሚወስድ አስታወስሁ፤ ልጃቸው ሰለሞን በመንገድ ላይ እንዳረፈ፣ በክብር እንደተቀበረ ተናገርሁ። ሁለቱም እስክጨርስ አንዲት ቃል ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ጮኹ፤ እኛም አብረናቸው ጮኽን።

ድንኳኑ በዚያው ጠዋት በደጃቸው ተተከለ። ኢንገር አልማዝ ጎን ተቀምጣ፣ "ትናንት ሁሉን ያውቁ ነበር። ዛሬ ለምን እንደ አዲስ?" ብላ ጠየቀች።

"ትናንት የሁለቱ ነበር" አለች አልማዝ። "ዛሬ የሁላችን ሆነ።"

ኢንገር ያን ጊዜ ቀድሞ ለማናችንም ያልነገረችውን ነገር ተናገረች። "ባሌ የሞቱ ዕለት በስልክ ነው የነገሩኝ። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር። 'እሺ፣ አመሰግናለሁ' አልሁ። ከአውቶቡሱ ወርጄ ሥራ ገባሁ፤ የሚጠብቁኝ በሽተኞች ነበሩ።"

"ማንም አልመጣም?"

"አበባ ላኩ።"

አልማዝ ነጠላዋን አውልቃ አዘቅዝቃ ኢንገር ትከሻ ላይ ጣለችና ጎንበስ ብላ ለወይዘሮ ብርቄ አንሾካሾከች። ወይዘሮ ብርቄ ቀና አሉ። ዓይናቸው አብጦ በግድ ነበር የሚገለጠው።

"ባልሽ ስሙ ማን ነበር?"

"ቶርቢዮርን።"

እኔ ከወንዶቹ በኩል ሆኜ ሰማሁ። ወይዘሮ ብርቄ የልጃቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ፤ ቀጥለውም "ወንድሜ ቶርቦ፣ ሰው ያላለቀሰልህ ቶርቦ" እያሉ ደረታቸውን ደቁ፤ በዙሪያቸው ያሉት ሴቶችም ተቀበሏቸው። ኢንገር ስሙን አላረመቻቸውም። ነጠላውን ወደ ፊቷ ሳበችው፤ ትከሻዋም መንቀጥቀጥ ጀመረ።